የአይረን ኪኒን ሲመርዝ

በአገራችን ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ኪኒን በእያንዳንዱ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። እናት በቀን አንድ ፍሬ፣ ቢያንስ ለ90 ቀን እንድትወስድ ትመከራለች። 90 ፍሬ ማለት 5,400 ሚሊ ግራም ብረት ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን፣ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ለከባድ መመረዝ የሚያሰጋው መጠን ደግሞ 600 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ አሥር ፍሬ ማለት ነው። ብዙዎቹ ኪኒኖች በቀለም ተለብጠው ከረሜላ ይመስላሉ፤ ልጁም እናቱ በየቀኑ ስትውጣቸው ያያል። በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የአይጥ መርዝ ከልጅ ይሸሸጋሉ። ይህ ኪኒን ግን «ለደም ነው፣ ቫይታሚን ነው» ስለሚባል ከትራስ ሥር፣ ከመስኮት ደፍ ላይ ወይም ከእናት ቦርሳ ውስጥ ይገኛል።

ከባድ የብረት መመረዝ እንዴት ይታከማል በሚለው ጥያቄ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የተረጋገጠው ግን ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነው። ዋናውን መድኃኒት፣ ዴፈሮክሳሚንን፣ የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ታማሚዎች በዕጣ ለይቶ ያወዳደረ ጥናት የለም። በጠና የሚመረዙት ጥቂት ናቸው፤ እየሞተ ያለን ልጅ መድኃኒት ከልክሎ ማየትም አይታሰብም። ስለዚህ እውቀታችን የተሰበሰበው ከየታማሚው ታሪክ፣ ከእንስሳት ሙከራና ከመርዝ መረጃ ማዕከላት መዝገብ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሳነበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፤ ሕይወት የሚያድነው ውሳኔ የሚሰጠው ታማሚው የተሻለው በሚመስልበት ሰዓት ነው። የሚከተለው ዳሰሳም የሕክምናውን እያንዳንዱን ክፍል የሚመዝነው በዚህ ዓይን ነው።

ሰውነታችን ትርፍ ብረትን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። በቀን አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ከአንጀትና ከቆዳ ከሚረግፉ ሕዋሳት ጋር ይወጣል፤ ይህን የሚተካ ያህል ደግሞ ከምግብ ይወሰዳል። ቁጥጥሩ ሁሉ ያለው መግቢያው ላይ፣ በአንጀት ግድግዳ ነው። ብዙ ኪኒን በአንድ ጊዜ ሲዋጥ ይህ ግድግዳ ራሱ ይጎዳል። ብረቱ የጨጓራንና የትንሹን አንጀት ሽፋን ያቆስላል፣ ያደማል፣ ከዚያም ያለ ገደብ ወደ ደም ያልፋል። ብረትን ተሸክሞ የሚዞረው ትራንስፈሪን የተባለው ፕሮቲን የሚይዘው ውሱን በመሆኑ፣ እሱ ሲሞላ የተረፈው ብረት በነፃነት ወደ ጉበት፣ ወደ ልብና ወደ ሌሎች ሕዋሳት ይገባል። በዚያም የሕዋሳቱን ሽፋን ያበላሻል፤ ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያ ሥራ ያስፈታል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽም ያሾልካሉ፤ የደም መርጋት ይታወካል፤ ደሙ አሲድ ይበዛበታል። ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ሕፃን እንግዲህ በአንድ ጊዜ የሚደማ፣ ፈሳሽ ያለቀበትና ኦክስጅን እያለ ሕዋሶቹ ሊጠቀሙበት ያልቻሉ ሕፃን ነው።

የሕክምና መጻሕፍት በሽታውን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል። መጀመሪያ፣ ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማስመለስና ተቅማጥ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ደም ሊቀላቅሉ ይችላሉ። ቀጥሎ ከስድስት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ድረስ ዝምታ ይሆናል፤ ማስመለሱ ይቆማል፣ ልጁ ይተኛል ወይም ውኃ ይጠይቃል። ከዚያ ሾክና የደም አሲድነት፣ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ የጉበት መጎዳት፣ በመጨረሻም ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ በጠባሳ ምክንያት የጨጓራ መውጫ ወይም የአንጀት መጥበብ ይከተላሉ። ደረጃዎቹ ግን በመጻሕፍቱ እንደተሳሉት በተርታ አይመጡም። በጣም ብዙ ብረት የዋጠ ሰው ዝምታውን ሳያይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሾክ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ አይቶ ይድናል።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚያሳስተው እሱ ነው። ማስመለሱ ሲቆም ቤተሰብ እፎይ ይላል። «ወጣለት» ይባላል። ከጤና ጣቢያ የመጡ ከሆነም ወደ ቤት ለመመለስ ይቸኩላሉ። በዚያው ሰዓት ግን ብረቱ ከደም ወጥቶ ሕዋሳት ውስጥ እየገባ ነው። በጥንቃቄ የሚመረምር ባለሙያ ይህን ጊዜ በእርግጥ ጸጥተኛ ሆኖ አያገኘውም። የልብ ምቱ ፈጥኗል፣ ትንፋሹ ጠልቋል፣ እጅና እግሩ ቀዝቅዟል፣ ሽንቱ ቀንሷል፤ ደሙ ቢመረመር አሲዱ መጨመር ጀምሯል። በእውነት የዳነውን ልጅ ከዚህ ለመለየት የሚረዳ ቀላል መመዘኛ አለ። ከዋጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ሙሉ ምንም ምልክት ያላሳየ፣ ምርመራውም ደህና የሆነ ልጅ ከባድ መመረዝ ሊደርስበት የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ በቀስታ የሚሟሟ ኪኒን ካልዋጠ በስተቀር። ደጋግሞ አስመልሶ ዝም ያለው ልጅ ግን የዚህ ቡድን አባል አይደለም፤ ተኝቶ መታየት አለበት።

ምን ያህል እንደተዋጠ ማስላት ቀጣዩ ጉዳይ ነው፤ እዚህም ስሕተት ይበዛል። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ የጨው ክብደት እንጂ የብረቱ አይደለም። ፈረስ ሰልፌት 20 በመቶው፣ ፈረስ ፉማሬት 33 በመቶው፣ ፈረስ ግሉኮኔት 12 በመቶው ብቻ ብረት ነው። 300 ሚሊ ግራም የሚል የፈረስ ሰልፌት ፍሬ 60 ሚሊ ግራም ብረት አለው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በታች የዋጠ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ከ20 እስከ 60 ሆዱን ያውካል፤ ከ60 በላይ ለከባድ መመረዝ ያጋልጣል፤ ከ120 በላይ ሕይወት ያሰጋል። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መመሪያ በኪሎ 40 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የዋጠ ልጅ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ወስነዋል። እነዚህ ቁጥሮች ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም የሚቆሙት በቤተሰቡ ግምት ላይ ነው። ስንት ፍሬ እንደነበረና ስንት እንደቀረ በትክክል የሚያውቅ እምብዛም የለም። ስለዚህ የተረፈውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዞ መምጣት ከማንኛውም ትረካ ይበልጣል፤ መጠኑ ሲያጠራጥር ደግሞ ከፍተኛውን ገምቶ መነሣት ይሻላል።

የደም ምርመራውም የራሱ ወጥመድ አለው። በደም ውስጥ ያለው ብረት ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ከተዋጠ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዴሲ ሊትር ከ350 ማይክሮ ግራም በላይ ሲሆን የመመረዝ ምልክት ይጠበቃል፤ ከ500 በላይ አሳሳቢ ነው፤ ከ1,000 በላይ የሞት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ታማሚው ዘግይቶ ከመጣ ግን ብረቱ ወደ ሕዋሳት ስለገባ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪሙም በሐሰት ይረጋጋል። የደሙ የብረት ማጓጓዣ አቅም ስንት ነው የሚለው ምርመራ በመመረዝ ጊዜ ስለሚዛባ መታመኑ ቀርቷል። ዋናው መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የሚወሰድ ደምም በብዙ ላቦራቶሪዎች ዘዴ ከእውነቱ ያነሰ ብረት ስለሚያሳይ ናሙናው አስቀድሞ መወሰድ ይኖርበታል።

የብረት ምርመራ በአስቸኳይ በማይገኝበት ሆስፒታል ተተኪ ምልክት ለማግኘት ሲሞከር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ጥናት ከ15,000 በላይ የሆነ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥርና ከ150 በላይ የሆነ የደም ስኳር ከፍተኛ ብረትን ያመለክታሉ ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ሁለቱም ደህና ሆነው ከባድ መመረዝ ሊኖር እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ ከፍ ካሉ ጥርጣሬን ያጠናክራሉ፤ ዝቅ ካሉ ግን አያረጋግጡም። የሆድ ራጅም እንዲሁ ነው። ያልተሟሟ ኪኒን ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የተሟሟ፣ ፈሳሽ ወይም የሚታኘክ አይረን ግን አይታይም። በእኔ ግምት እንደ አገራችን ባለ ቦታ ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ የታማሚው ሁኔታ ነው። ደጋግሞ ያስመለሰ፣ ደም የታየበት፣ የደነዘዘ፣ በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍስ ወይም የደም ግፊቱ የወረደ ልጅ አይረን መዋጡ ከታወቀ፣ የላቦራቶሪ ቁጥር እየተጠበቀ ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን ፈሳሹ ነው፤ ይህ በጽሑፎቹ ውስጥ በአንድ መስመር ስለሚታለፍ ክብደቱን ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ታማሚውን የሚጥለው በማስመለስ፣ በተቅማጥ፣ በመድማትና በሚያሾልኩት የደም ሥሮች የሚጠፋው ፈሳሽ ነው። በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር በደም ሥር ሰጥቶ፣ መልሶ መርምሮ፣ ካስፈለገ ደግሞ መድገም የተለመደው አካሄድ ነው። ደም ከፈሰሰው ደም፣ መርጋት ከታወከ ቫይታሚን ኬና ፕላዝማ፣ አሲዱ ከበረታ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨመራል።

እዚህ ላይ በምሥራቅ አፍሪካ የሚሠራ ሐኪም በልቡ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገው ፊስት የተባለው ጥናት ውጤቱን ሲያወጣ፣ በከባድ ትኩሳት ለታመሙ ሕፃናት ፈሳሽን በፍጥነት መስጠት ሞትን እንደሚጨምር ታየ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈጣን ፈሳሽ ካገኙት ከመቶ አሥር ተኩል የሚሆኑት ሲሞቱ ካላገኙት የሞቱት ሰባት ከሦስት አሥረኛ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ፈሳሽ ለመስጠት እጃቸው ይሰስታል። ይሁን እንጂ ያ ጥናት በተቅማጥና በማስመለስ ፈሳሽ ያለቀባቸውንና በምግብ እጥረት በጠና የተጎዱትን ሕፃናት አላካተተም። በብረት የተመረዘ ልጅ ሾኩ የሚመጣው ፈሳሽ ከሰውነቱ በእርግጥ ስለወጣ ነው፤ የፊስት ውጤት ፈሳሽ ለመከልከል ምክንያት አይሆነውም። በምግብ እጥረት የተጎዳው ልጅ ግን ልቡ ብዙ ስለማይችል በዝግታና በየጊዜው እየተመረመረ ይሰጠዋል።

ሆድ ውስጥ የቀረውን ኪኒን ማስወጣት የረጅም ጊዜ ክርክር ታሪክ አለው። ለብዙ መርዞች የሚሰጠው የተዘጋጀ ከሰል ብረትን አይዝም፤ የሚጠቅመው ሌላ መድኃኒት አብሮ ከተዋጠ ብቻ ነው። የሚያስመልሰው የአይፒካክ ሽሮፕ በአንድ ወቅት በየአሜሪካዊው ቤት እንዲቀመጥ ይመከር ነበር፤ የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2003 ምክሩን አንሥቷል። ጨጓራን በቱቦ ማጠብ ኪኒኑ ከቱቦው ቀዳዳ ስለሚተልቅና ተጣብቆ ስለሚቀር ብዙ አይፈይድም። ብረቱን በጨጓራ ውስጥ ለማክሸፍ ሲባል በፎስፌት፣ በባይካርቦኔትና በዋናው መድኃኒት ራሱ የማጠብ ሙከራዎችም ነበሩ፤ ፎስፌቱ በተለይ የልጆችን ካልሲየም አደገኛ በሆነ መጠን አውርዶ ተገኝቷል። ሁሉም ተትተዋል። በአገራችን ወላጅ ቶሎ የሚያስበው ወተት ማጠጣትና በጣት ማስመለስም በተመሳሳይ ምክንያት አይመከርም። ወተቱ ይህን ያህል ብረት አያከሽፍም። በግድ ማስመለስ ልጁ ትውከቱን ወደ ሳንባው እንዲስብ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ሁለቱም ወደ ጤና ተቋም የሚኬድበትን ጊዜ ይበላሉ።

ከቀሩት ዘዴዎች ክብር ያገኘው አንጀትን በሙሉ ማጠብ ነው። ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለው፣ በአንጀት የማይመጠጥ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ያለማቋረጥ ይንቆረቆራል። ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በሰዓት 500 ሚሊ ሊትር፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት 1 ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይሰጣል፤ ከታች የሚወጣው ጥርት ያለ ውኃ እስኪሆን ድረስ ይቀጥላል፤ ራጁም ይደገማል። ጥቅሙ በተወዳዳሪ ጥናት አልተረጋገጠም። እኔ ግን ራጅ ላይ ኪኒን ለሚታይበት ልጅ ይህን መተው ትክክል አይመስለኝም። ምክንያቱን ከታች የሚመጣው ስሌት ያሳያል። አንጀቱ መንቀሳቀስ ላቆመ፣ ለተቀደደ፣ ሾኩ ላልተስተካከለ ወይም ራሱን ለሳተና የአየር መንገዱ ላልተጠበቀ ታማሚ ግን አይደረግም። ኪኒኖቹ ተጣብቀው ትልቅ እጢ መስለው ጨጓራ ውስጥ ከተቀመጡ በኢንዶስኮፒ ወይም በቀዶ ሕክምና የወጡባቸው ጊዜያት አሉ።

ዋናው መድኃኒት ዴፈሮክሳሚን ነው። መነሻው ስትሬፕቶማይሲስ ፒሎሰስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ብረት ከአካባቢው ለማሰባሰብ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ሞለኪውል ይሠራል፤ በስዊዘርላንድ አንቲባዮቲክ ይፈልጉ የነበሩ የሲባ ኩባንያና የዙሪክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ አገኙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በድንገተኛ የብረት መመረዝ ላይ መሞከሩ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። መድኃኒቱ ነፃውን ብረት ይዞ ፈሪዮክሳሚን የተባለ፣ በኩላሊት የሚወጣ ውሁድ ይሆናል። ሽንቱም ቀላ ያለ፣ የጽጌረዳ ወይን ጠጅ የመሰለ መልክ ይይዛል። የቀለሙ መምጣት ሥራውን ያሳያል፤ አለመምጣቱ ግን ብረት የለም ማለት አይደለም። ቀድሞ አንድ መርፌ ሰጥቶ ሽንቱን በማየት ሕክምናውን የመወሰን ልማድ የተተወውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሰጠው በደም ሥር፣ በሰዓት በኪሎ 15 ሚሊ ግራም እየተንጠባጠበ ነው። ከዚህ ከፈጠነ የደም ግፊትን ይጥላል፤ ስለዚህ ዝቅ ባለ ፍጥነት ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። አምራቹ በ24 ሰዓት ከ6 ግራም እንዳይበልጥ ያስጠነቅቃል። በጡንቻ መወጋት ሾክ ላይ ላለ ሰው አይሆንም፤ ደም የማይደርሰው ጡንቻ መድኃኒቱን አያቀብልም። መቼ ይጀመር ለሚለው ባለሙያዎች በብዙው ይስማማሉ። ሾክ፣ የንቃተ ኅሊና መለወጥ፣ የማያቆም ማስመለስ፣ የሆድ ውስጥ መድማት፣ የደም አሲድነት ወይም ከ500 በላይ የሆነ የብረት መጠን ያለበት ታማሚ ይሰጠዋል።

ከላይ ያልኩት ስሌት እነሆ፤ 100 ሚሊ ግራም ዴፈሮክሳሚን ማሰር የሚችለው ቢበዛ 8.5 ሚሊ ግራም ብረት ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሰዓት 180 ሚሊ ግራም መድኃኒት ያገኛል፤ ይህ የሚይዘው ወደ 15 ሚሊ ግራም ብረት ነው። የአንድ ፍሬ ሩብ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ቢንጠባጠብ እንኳ ከስድስት ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ብረት ነው የሚታሰረው፤ ያውም እያንዳንዱ ጠብታ ሥራውን ከሠራ። ልጁ ሃያ ፍሬ ውጦ ከሆነ መድኃኒቱ ብቻውን ሊደርስበት አይችልም። አንጀቱ መታጠብ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ሆድ ውስጥ የቀረ እያንዳንዱ ፍሬ የአራት ሰዓት መድኃኒት ይበላል። መድኃኒቱ እንዲህ ጥቂት አውጥቶም ታማሚዎች ሲሻላቸው መታየቱ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። ጥቅሙ ከሚወጣው ጠቅላላ ብረት ይልቅ በሕዋሳት ደጃፍ ላይ ያለውን፣ ጉዳት የሚያደርሰውን ነፃ ብረት በመያዙ ሳይሆን አይቀርም። ያ ብረት ሕዋሳት ውስጥ ከገባና ማይቶኮንድሪያን ካበላሸ በኋላ የሚደርስ መድኃኒት የሚያድነው ትንሽ ነው። ስለዚህ ቶሎ መጀመር መጠንን ከማብዛት ይበልጣል።

ቶሎ መጀመር እንዳለ ሁሉ ቶሎ ማቆምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በላንሴት መጽሔት የወጣ ዘገባ ከአንድ ቀን በላይ ያለማቋረጥ መድኃኒቱን የወሰዱ ታማሚዎች ከባድ የሳንባ ጉዳት እንደደረሰባቸው ገለጸ። ከዚያ ወዲህ አሲዱ ሲስተካከልና ታማሚው ሲሻለው ማቆም፣ በጣም ካልጠና በስተቀርም ከ24 ሰዓት አለማለፍ የብዙዎች ስምምነት ሆኗል። ሌላም አደጋ አለ። ባክቴሪያ ብረት ለመሰብሰብ የሠራው ሞለኪውል በመሆኑ ለሌሎች ጀርሞችም ብረት ሊያቀብል ይችላል፤ በተለይ የርሲኒያ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በዚህ ይበረታል። በሕክምናው ወቅት ወይም ከዚያ በኋላ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ያለበት ታማሚ ይህ ሊታሰብለት ይገባል። ኩላሊቱ ከደከመ ብረቱን የያዘው ውሁድ ስለማይወጣ ዲያሊሲስ ያስፈልጋል፤ ዲያሊሲስ ነፃውን ብረት ራሱን ግን አያወጣም። በአፍ የሚወሰዱት አዲሶቹ ብረት አሳሪዎች፣ ዴፈራሲሮክስና ዴፈሪፕሮን፣ በተደጋጋሚ ደም ለሚወስዱ ሰዎች ትልቅ ነገር አድርገዋል፤ ለድንገተኛ መመረዝ ግን በዴፈሮክሳሚን ቦታ ሊቆሙ የሚያስችል ማስረጃ የላቸውም።

ነፍሰ ጡር ስትመረዝ የሚፈጠረው ፍርሃት ሌላ ሕይወት ያስከፍላል። በእንስሳት ላይ መድኃኒቱ የጽንስን አጥንት ሲጎዳ ስለታየ ሐኪሞች ለመስጠት ያመነታሉ። በሰው ላይ የተሰበሰቡት ታሪኮች ግን ይህን አያጠናክሩም። እንግዴ ልጁ ብረቱን በብዙው ስለሚከለክል በመመረዙ ጽንሱ የሚጎዳው በዋናነት እናቱ ስትጎዳ ነው። እናትን እንደማንኛውም ሰው ማከም ጽንሱንም ማከም ነው፤ በዚህ ላይ የማመንታት ምክንያት አላይም። ሆን ብላ የዋጠች ወጣት ወይም እናት ከሆነች ደግሞ ሰውነቷ ካገገመ በኋላ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሳያያት፣ ቅርብ ሰውም ሳይጠራላት ወደ ቤት አትላክም።

በዚህ ሁሉ መካከል እጅግ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከድንገተኛ ክፍል ሳይሆን ከማሸጊያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በመመረዝ በመግደል ቀዳሚው የአይረን ኪኒን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1994 ከ110,000 በላይ አጋጣሚዎች ተመዝግበው 35 ልጆች ሞተዋል። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ብቻ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1992 እስከ ጥር 1993 አምስት ሕፃናት ሞቱ። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ልጅ የማይከፍተው ክዳን ያዝ ነበር፤ ክዳን ግን ተከፍቶ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በፍሬ 30 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ብረት ያለው ኪኒን ሁሉ በየፍሬው ተለይቶ እንዲታሸግ አዘዘ። አንድ ልጅ ሃያ ፍሬ ለመዋጥ ሃያ ጊዜ መቅደድ አለበት፤ ከዚያ በፊት ይሰለቻል ወይም ሰው ይደርስበታል። በኋላ የወጣ ጥናት ከትእዛዙ በፊት ባሉት አሥር ዓመታት 29፣ ከትእዛዙ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት 1 ሞት ቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍርድ ቤት ባለሥልጣኑ ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለውም ብሎ ትእዛዙን ሽሮታል፤ ሆኖም ውጤቱ ተመዝግቦ ቀርቷል። በካናዳዋ ኦንታሪዮ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አደጋው ታናሽ ወንድም ወይም እኅት በሚወለድበት ወቅት በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ኪኒኑ ቤት የሚገባው እናት ባረገዘች ጊዜ ነው፤ ታላቁ ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመቱ አካባቢ ነው፤ እናት በአራስነት ደክማለች።

ይህ ግኝት እንደኛ አገር በትክክል የሚገባበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። ኪኒኑ ከትልቅ ጠርሙስ ተቆጥሮ በወረቀት ወይም በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ የሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ማሸጊያው ምንም አይከላከልም። በየፍሬው የታሸገ ኪኒን መግዛት ዋጋውን ትንሽ ይጨምራል፤ አንድ ልጅ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚያስወጣው ጋር ግን አይነጻጸርም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ኪኒኑን ሲሰጡ ስለ አወሳሰዱና ስለ ሰገራ መጥቆር ከሚናገሩት ጋር ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ይጠቅማል፤ «ይህ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው፣ ቆልፈሽ ወይም ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው።» ለሆስፒታሎቹ ደግሞ ዴፈሮክሳሚን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። አንድን ልጅ ለአንድ ቀን የሚያክሙ ጥቂት ብልቃጦች በየክልሉ በሚታወቅ አንድ ሪፈራል ሆስፒታል ቢቀመጡና የት እንዳሉ ሁሉም ጤና ጣቢያ ቢያውቅ፣ የሚጠፋውን ብዙ ሰዓት ያተርፋሉ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ከመጻፉ በፊት ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነው። ፈሳሽ መጀመር፣ ልጁን መመዘን፣ የቀረውን ኪኒን መቁጠር፣ የተዋጠበትን ሰዓት መጻፍና አስቀድሞ ስልክ መደወል ከየትኛውም ውድ መሣሪያ በፊት ይመጣሉ።

የዳነውን ልጅ ወደ ቤት ሲሸኙ ሁለት ነገር መነገር አለበት። አንደኛው ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ልጁ የበላውን መልሶ የሚያስመልስ፣ ሆዱ የሚነፋ ወይም ክብደት የሚቀንስ ከሆነ ጠባሳው የጨጓራውን መውጫ አጥብቦት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደዚያው ሆስፒታል መመለስ እንዳለበት ነው። ቤተሰቡ ሕመሙ ያለፈ መስሎት ሌላ ቦታ ቢሄድና አይረን መዋጡን ሳይናገር ቢቀር፣ ሐኪሙ ጥገኛ ትል ወይም ታይፎይድ ሲፈልግ ይከርማል። ሁለተኛው የሚነገረው ለእናት ነው። ልጇ በዚህ ኪኒን ሞት አፋፍ ደርሶ ያየች ነፍሰ ጡር ዳግመኛ ልትውጠው አትፈልግም፤ ጎረቤቶቿም ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የአገራችን የሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶችም 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው ሲያሳይ፣ በእርግዝናቸው አይረንን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ቀሪውን ኪኒኗን በየፍሬው ታሽጎ ይዛ ትውጣ፤ የት እንደምታስቀምጠውም ከነርሷ ጋር ተነጋግራ ትወስን።